«የለባትም» ያልኩበት ቀን

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ልጄ ሶልያና ስድስተኛ ክፍል በገባች በሁለተኛው ወር ነው። ሰው ሁሉ «ተርፋለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርሺው» ይለኛል። መትረፏንማ አውቃለሁ። እኔ የማልረሳው ያን ቀን ከአፌ የወጣውን ቃል ነው።

ሶሊ የሚጥል በሽታ አለባት። የጀመራት በዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሐኪሙ በየቀኑ የምትውጠው ኪኒን፣ መንቀጥቀጡ አልቆም ሲላት ደግሞ በአፍንጫዋ የሚረጭ መድኃኒት አዘዘላት። የሚረጨውን ሁለት አድርጎ ሰጠኝና «አንዱ ለቤት፣ አንዱ ለትምህርት ቤት» አለኝ። ትምህርት ቤቱ የሚቀበልበትን ፎርምም ፈርሞ ሰጠኝ።

እኔ የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ፎርም ሲመጣ የምትሞላልኝ አበልጄ፣ የሶሊ ክርስትና እናት ናት። የትምህርት ቤቱን የጤና ፎርም ስንሞላ፣ ሕመም እንዳለባት የሚጠይቀው ቦታ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ አነሳች።

«ይሄን ካስጻፍሽ ጉድሽ ነው» አለችኝ። «እዚያ ትምህርት ቤት ስንት የሐበሻ ልጅ አለ መሰለሽ? እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይወራል። ሴት ልጅ እኮ ናት። ነገ ማን ያገባታል?»

«ብትወድቅስ?»

«ኪኒኗን እየዋጠች፣ ጠበሏን እየተጠመቀች ለምን ትወድቃለች? አንቺ ደግሞ ፍርሃትሽ! ዝናብ ሳይመጣ ጃንጥላ የምትዘረጊ።»

እውነቷን ነው፣ ፈሪ ነኝ። በር ቆልፌ ሦስቴ ተመልሼ የምነካ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ከበሽታው ይልቅ ወሬውን ፈራሁ። እሷ «የለባትም» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች፣ እኔ ፈረምኩ። ሁለቱንም የሚረጭ መድኃኒት መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ። ሶሊንም «ለማንም እንዳትናገሪ። ሰው እንዳያይሽ» አልኳት።

ቤታችን ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የምሠራው ግን ከድልድዩ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ነው፤ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴትን ቤታቸው እየሄድኩ ነው የምረዳቸው። ያን ዕለት ረፋድ ላይ ገላቸውን እያጠብኳቸው ስልኬ ጮኸ። የትምህርት ቤቱ ቁጥር ነው። እጄን ሳልጠርግ አነሳሁት። ነርሷ በእንግሊዝኛ ቶሎ ቶሎ ስታወራ የገባኝ የልጄ ስምና «አምቡላንስ» የሚለው ቃል ብቻ ነው። ወዲያው ሌላ ሴት ስልኩን ተቀበለቻት።

«የሶልያና እናት፣ ካፍቴሪያ የምሠራ ነኝ፣ ላስተርጉምልሽ ነው» አለችኝ በአማርኛ። «አይዞሽ። ልጅቷ ሽንት ቤት ወድቃ ተገኝታ ነው። እየተንቀጠቀጠች ነው፣ አልነቃችም። አምቡላንስ ተጠርቷል። ነርሷ የምትጠይቅሽ፣ ከዚህ በፊት እንዲህ አድርጓት ያውቃል ወይ?»

ልጄ ሲሚንቶ ላይ ተዘርግታ፣ እኔ ያሰብኩት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? «ይቺ ሴት ማን ትሆን? የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ናት?» ነው ያልኩት በልቤ።

«የለባትም» አልኩ። «ጤነኛ ናት።»

ስታስተረጉም ሰማኋት። ነርሷ አንድ ነገር አለች።

«በሽታ ከሌለባት የወሰደችው ነገር ይኖር ይሆን ነው የምትለው። ቦርሳዋን እየፈተሹ ነው።»

ከዚያ ሴትየዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ስሚኝ እህቴ» አለችኝ። «የኔም ወንድም አለበት። ሲያደርገው አውቃለሁ። ደቂቃው እየሄደ ነው፣ በፈጠረሽ!»

ያን ጊዜ ጮኽኩ። «አለባት! የሚረጭ መድኃኒትም አላት!»

«የት ነው ያለው?»

«ቤት ነው። መሳቢያ ውስጥ።»

ሕመሙ እንዳለባት፣ መድኃኒቱም ቤት እንደቀረ ባጭሩ ለነርሷ ነገረቻት።

ሴትዮዬን ለልጃቸው ትቼ ወጣሁ። ድልድዩ ላይ መኪናው ሁሉ ቆሟል። መሪውን እየደበደብኩ እመቤቴን እለምናለሁ፣ ደግሞ ምን ብዬ እንደምለምናት ይጠፋኛል። ሆስፒታል ስደርስ የአምቡላንስ ሰዎቹ በመድኃኒት አስቁመውላታል። ግን ብዙ ቆይቶባት ነበር። የፊት ጥርሷ ተሰብሯል፣ ምላሷን ነክሳዋለች። ራሷን አውቃ ያናገረችኝ በማግስቱ ነው።

«ሽንት ቤት ምን ልታደርጊ ሄድሽ? ሲመጣ ይታወቅሽ የለ? ለቲቸርሽ አትነግሪም ነበር?» አልኳት።

«ታውቆኝ ነበር» አለች፣ ባበጠ ምላሷ። «ዩ ቶልድ ሚ፣ እማ። አንቺ ነሽ ያልሽኝ። ሰው እንዳያየኝ ብዬ ነው።»

አበልጄ ሆስፒታል መጥታ አለቀሰች። ሳምንት ሳይሞላ አንዲት የማኅበራችን ሴት ደውላ፣ ሀያትስቪል የሚባል ቦታ ለሚጥል በሽታ የሚጸልዩ አባት እንዳሉ ነገረችኝ። አበልጄን ስጠይቃት «ለጸሎት ብዬ ነው የነገርኳቸው» አለችኝ። ያቺ የካፍቴሪያ ሴት ግን አንድ ቀን በበዓል ቤተ ክርስቲያን አግኝታኝ ሦስቴ ስማኝ፣ «ልጅቷ ደህና ናት?» ብላ አልፋለች። ከእሷ የወጣ ቃል እስከ ዛሬ አልሰማሁም። አበልጄን ተቀይሜያታለሁ፣ አልዋሽም። ግን እሷ ምልክት አደረገች እንጂ የፈረመችው እኔ ነኝ። ስልኩም ላይ እሷ አልነበረችም።

አሁን መድኃኒቱ ነርሷ ጋ ነው። ሶሊ ክፍሏ ፊት ቆማ ሕመሟን ራሷ ተናግራለች። «ብወድቅ በጎኔ አስተኙኝ፣ አፌ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ ሰዓት ያዙ» አለቻቸው አሉ። ሐኪም ቤት ስንሄድ ደግሞ ሐኪሙ እኔን ሲጠይቀኝ፣ አፌን ሳልከፍት እሷ ትመልሳለች። ኩራት ሊሰማኝ ይገባ ነበር። የሚሰማኝ ግን መልሴን እንደማታምነው ነው፣ ልክም ናት።

ይህን ስጽፍ መጥታ አጠገቤ ቆመች። አማርኛ ማንበብ አትችልም።

«ስለኔ ነው?»

«አዎ።»

«ስሜ የቱ ጋ ነው?»

«ቀይሬዋለሁ» አልኳት። «ሌላ ስም ነው ያደረግኩልሽ።»

ወረቀቱን አይታ፣ እኔን አየችኝ። «ስቲል፣ እማ? አሁንም?» አለችና ወደ ክፍሏ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ቀን ሆነኝ፣ ወረቀቱም እዚሁ አጠገቤ ነው። ስሟን ግን እስካሁን አልመለስኩትም።