ሁለት እሌኒ በአንድ ቤት

ልጅ እያለሁ ስሜ እሌኒ ነበር። የወለድኩት ልጄ እንኳ ይህን እስካለፈው ዓመት አያውቅም ነበር።

ስሙን ያወጣልኝ አባቴ ነው። እሱ ሲሞት ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ደብረ ብርሃን አክስቴ ዘንድ ወሰዱኝ። ባሏ ላምባ ስለሚቸረችር ቤቱ፣ ጋቢው፣ የምንበላው ሁሉ ላምባ ላምባ ይል ነበር። የእሷም ልጅ እሌኒ ነበረች፣ እኩያዬ። አክስቴ በመጣሁ ማግስት ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ «እዚህ ቤት አንዲት እሌኒ ትበቃለች። አንቺ አለሚቱ ነሽ። እሷን እትዬ እሌኒ ትያታለሽ» አለችኝ።

እምቢ አልኩ። አለሚቱ ስትለኝ ዝም፣ ደግማ ስትጠራኝም ዝም። «አቤት ካላልሽ አትበዪም» አለች፤ አልበላሁም። ያቺ እኩያዬ ደግሞ ደጃፍ ቅልሞሽ ስትጫወት ጠጠሯን ወደ ላይ ወርውራ፣ «ስም የለሽ፣ ዞር በይ» ትለኛለች። ልጆቹ ይስቃሉ። በሁለተኛው ቀን የምስር ወጡ ሽታ እየሳበ ጓዳ አደረሰኝ። አክስቴ ስትጠራኝ አቤት አልኩ። እሷን ጠላኋት፣ ራሴንም ጠላሁ። ስሙ ግን በዚያው ተጣበቀብኝ፤ ባሌም፣ የአሜሪካ ወረቀቴም አለሚቱ አሉኝ።

አምና ምራቴ ልትወልድ ስትቃረብ ፌርፋክስ መንገድ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ምሳ በላን። ምራቴ የሊቱዌኒያ ልጅ ናት። እናቷ፣ የሌና የምትባለው፣ ከፓሳዴና ከተማ መጥታ፣ «ሕፃኗ በእኔ ስም ትጠራ» ማለቷን ልጄ በአማርኛ ነገረኝ።

«ኖ፣ በእማዬ ስም ነው፤ አለሚቱ» አለ ልጄ።

ሴትዮዋ ፊቷን አጨፈገገች። በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አለች፤ ልጄም ቀላ።

«ምን አለች?»

«እዚህ አገር ማንም ሊጠራው የማይችል ስም ነው አለች።»

«የእሷስ ምን ማለት ነው?»

ስልኩን ቼክ አደረገ። «ከግሪክ የመጣ ነው። የኛ እሌኒ ማለት ነው።»

ጉርሻዬን መለስኩት። «በሷ ስም ትጠራ» አልኩ።

«እማዬ፣ ፈርተሻት ነው?»

«አለሚቱ የሚለውን ለልጅ አታወጣም። በረሃብ የጫኑብኝ ስም ነው» ብዬ ሁሉን ነገርኩት። ለሴትዮዋ ሊተረጉምላት ሲል ከለከልኩት። ያሸነፈች መስሏት አገጯን ቀና አድርጋ በላች። እስከ ዛሬ አልወደድኳትም።

ያኔ ስሜን የሚጠራልኝ አጥቼ ነበር። አሁን ቤታችን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ይጠራል፤ ምራቴ ሕፃኗን የሌና ትላለች፣ ልጄ እሌኒዬ ይላል። እኔን ብለው አይደለም እንጂ።