ለእትዬ ማርታ የተቀመጥኩት ለቅሶ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሰው ፊት መናገርም ሆኖልኝ አያውቅም። ይህን ለመጻፍ ያነሳሳኝ ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እትዬ አስካለ ያሉኝ ነው። እትዬ አስካለ ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ካለው ቤታቸው አንድ ክፍል አከራይተውኝ እስከ ዛሬ አብሬያቸው የምኖር ሴት ናቸው። የመኪናው ሙቀት እስኪወጣ በሮቹን ከፍተን ቆመን ሳለ፣ «የሰውሽ ሙት ዓመት እኮ ደረሰ። ንፍሮውን እኔ እቀቅላለሁ» አሉኝ።

«ሰውሽ» ያሏቸው እትዬ ማርታን ነው። ዘመዴ አልነበሩም። አገራቸው የት እንደሆነም አላውቅም።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የጥገኝነት ኬዜ ገና አልታየም፤ ወርክ ፐርሚት አውጥቼ በየቤቱ እየሄድኩ በሽተኛ አስታምም ነበር። ኤጀንሲው አዲሰን ወደሚገኝ አንድ አፓርታማ ላከኝ። እትዬ ማርታና ባለቤታቸው ጋሼ ዳንኤል ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን «እትዬ ማርታ» ብዬ ስጠራቸው ቀና የማይሉበት ጊዜ ነበር። ጆሯቸውን ያመማቸው መስሎኝ ለኤጀንሲው ነርስ ነገርኳት፤ ሐኪም ቤት ተወስደው ተመረመሩ። ሐኪሙ ጆሯቸው ከኔም ሳይሻል እንደማይቀር ነገረን። ሲመለሱ መኪናው ውስጥ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ለምን እንደሳቁ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ጋሼ ዳንኤል ዝምተኛ ነበሩ። መኪናቸውን ምንጊዜም አፍንጫዋን ወደ መውጫው አዙረው ነው ፓርክ የሚያደርጉት። ቤት ውስጥም የሚቀመጡት በሩን በሚያይ ወንበር ላይ ነው። አልፎ አልፎ አንድ ሸበቶ አሜሪካዊ ኮክ በካርቶን ይዞ ይመጣል። ሁለቱ በረንዳ ላይ ቆመው ጥቂት ያወራሉ፤ ከዚያ ይሄዳል። ቤታቸው ሌላ ሰው ሲመጣ አይቼ አላውቅም። እኔም ፈሪ ስለሆንኩ ኮኩን አጥቤ ሳህን ላይ ከማድረግ በቀር አልጠይቅም።

አንድ ቀን ግን ለእትዬ ማርታ ኮክ እየላጥኩላቸው ሳለ አፌ አመለጠኝ። እኔ ስንት ጊዜ ስጠብቅ እነሱ መኖሪያ ፈቃድ በእጃቸው ይዘው መግባታቸውን ከወረቀታቸው አይቼ ነበርና፣ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ጋሼ ገበያ ሄደዋል። እንደዚያም ሆኖ በሩን አዩ።

«ዳንኤል አገር ቤት የደህንነት ሰው ነበር» አሉኝ። «ለነዚህ ሰዎች ሠራላቸው። ሲነቃበት ሻንጣ እንኳን ሳንይዝ አወጡን። ወረፋ የለ፣ ምን የለ።»

አሜሪካኖች ለስለላ መሥሪያ ቤታቸው ውለታ የዋለ የውጭ ሰው ከነቤተሰቡ የሚገባበት የተለየ ሕግ እንዳላቸው የሰማሁት ያን ቀን ነው። «ታድላችሁ» አልኩ።

«አዎ፣ ታድለናል» አሉና ኮኩን ጎረሱ። «ስማችንን በር ላይ ጥለን ገባን። ማርታ የወረቀቱ ስም ነው። ዳንኤልን እስከ ዛሬ የሚፈልጉት ሰዎች አሉ፣ ወንድሞቹም እዚያው አገር ቤት ናቸው፤ ስለዚህ እዚህ አገር የማን ልጅ ነሽ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ደጃፍ አልረግጥም። የክርስትና ስሜን ግን የጠየቀኝ ቢሮ የለም። እሱ ተርፎልኛል።» ጠጋ በይ አሉኝና በጆሮዬ ነገሩኝ። እዚህ አልጽፈውም።

«ስሞት ቄሱ በሱ ይጥሩኝ። ደግሞ ሰው ያልቅስልኝ። ለቅሶ ያልደረስኩበት ቀበሌ አልነበረም እኮ እኔ፤ ማንም ሳያውቅ ተሸፋፍኜ አልሂድ።»

«ጋሼስ?»

«እሱ ይፈራል። አንቺ አድርጊልኝ።»

«እኔ ሰላምታ እንኳን አልችልበትም፣ እትዬ።»

«እሱን አይቻለሁ» አሉና እንደገና ሳቁ።

በፍልሰታ ጾም ውስጥ አረፉ። ነሐሴ የዳላስ ፀሐይ አስፋልቱን የሚያለሰልስበት ወር ነው፤ ሰው ከቤት ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ቤት ይሮጣል። ጋሼ ዳንኤል ቄስ እንዳመጣ ፈቀዱልኝ። ለቅሶ ግን አይሆንም አሉ። «የሚመጣ ሰው ይጠይቃል፣ ልጄ። የሚጠይቅ ሰው ያወራል።» ተቆጥተው አይደለም፤ ድምፃቸው ልመና ነበር። ቀብሩ ላይ የነበርነው ቄሱ፣ ጋሼ፣ እኔና ራቅ ብሎ መኪናው አጠገብ የቆመው ሸበቶው አሜሪካዊ ነን።

ቤት ስገባ እትዬ አስካለ ሽንኩርት ይከትፉ ነበር። ቆሜ ቀረሁ።

«ምን ሆነሻል? ተናገሪ እንጂ» አሉ።

«ሰው ሞቶብኛል።»

ቢላዋውን አስቀመጡ። «ማን?»

«የማስታምማቸው ሴትዮ።»

«የማን ልጅ ናቸው? አገራቸው የት ነው?»

«አላውቅም።»

«ባል? ልጅ?»

ባል የላቸውም ብል ውሸት ነው፣ አላቸው ብል የት ነው ይባላል። እትዬ አስካለ ሽንኩርት ባስለቀሰው ዓይናቸው ትንሽ አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን ታጠቡ።

«ኦኬ። አስታመሻል፣ ቀብረሻል። እንግዲህ ለቅሶው ያንቺ ነው» አሉና ስልካቸውን አነሱ። ለእድራቸው ሴቶች አንድ በአንድ ኮል ሲያደርጉ ስሜን ጠርተው የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ስንዱ ሰው ሞቶባታል።» እኔ ደግሞ ለጋሼ ደወልኩ። ለቅሶ የተቀመጥኩት እኔ መሆኔን፣ ስለሳቸው ለማንም ምንም አለማለቴን ነገርኳቸው። ሰምተው ዘጉት።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ቤቱ ሞላ። ንፍሮ መጣ፤ ምስርና ሽሮ በአሉሚኒየም ትሪ መጣ፤ ሻይ በትልልቅ ፔርሙዝ። ወንዶቹ ጋራዡ ውስጥ ማራገቢያ ከፍተው ተቀመጡ፣ ሴቶቹ ሳሎን። የሟቿን ስም የጠየቀኝ አልነበረም። እየገቡ ያቅፉኛል፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይሉኛል፣ የየራሳቸውን ሰው አስታውሰው ያለቅሳሉ። ያ ማጽናኛ የሚገባው ለጋሼ ዳንኤል ነበር፤ ሲሰጥ የዋለው ግን ለእኔ ነው።

ለጋራዡ ሻይ ይዤ ስወጣ መኪናቸውን አየሁ። አፍንጫዋ ወደ መንገዱ ዞሯል። ጋሼ ከዳር ወንበር ላይ የወረቀት ኩባያ ይዘው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው አንድ ወሬ ወዳድ ሾፌር ተቀምጧል።

«ለሟቿ ምናቸው ነዎት፣ ጋሼ?»

«ጎረቤት።»

«አይ፣ ደግ ጎረቤት ነዎት። ማለቴ እዚህ አገር እኮ ጎረቤቱን የሚያውቅ የለም። እኔ የኔን የማውቀው በውሻው ነው።»

ሰዎቹ ፈገግ አሉ። ጋሼም ፈገግ ለማለት ሞከሩ።

ወደ ማታ ቄሱ መጡና ሁሉም ሳሎን ገብቶ ቆመ። ጸሎቱ ላይ የክርስትና ስማቸው ሲጠራ ጋሼ ዳንኤል በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፍነው ቁጭ አሉ። እንደዚያ የሚያለቅስ ጎረቤት የለም። ሾፌሩ አያቸው፤ አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። እትዬ አስካለም አዩ። ትንሽ ቆይተው ሄዱና የጋሼን ክንድ ያዙ፤ «እዚያ ሙቀት ነው፣ ጋሼ፤ እዚህ ይሻላል» ብለው ከእኔ ጎን፣ ሐዘንተኛ ከሚቀመጥበት ምንጣፍ ላይ አስቀመጧቸው። ንፍሮም በእጃቸው ሰጧቸው። ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ ስለሳቸው አንድም ጥያቄ አልጠየቁኝም።

ጋሼ ዳንኤል ብዙም ሳይቆዩ ከአዲሰን ለቀቁ። ወዴት እንደሄዱ አላውቅም፤ ማወቅም የለብኝም። የኔ ኬዝ ቆይቶ ተፈቅዶልኛል፣ ወረፋዬን ጠብቄ፣ በገዛ ስሜ። አንዳንዴ ስልኬ ላይ ስሜ ተጠርቶ አቤት ስል እትዬ ማርታ ትዝ ይሉኛል። ዘንድሮም ንፍሮ ይቀቀላል፣ ቄሱም ያንን ስም ይጠራሉ። ጋሼም ባሉበት ሆነው ቀኑን እንደሚያስቡት አልጠራጠርም።

የለቅሶው ዕለት ማታ ሰው እየተነሳ ሲሰናበተኝ ጋሼም ተነሡ። እንደሌላው እንግዳ መጥተው እጄን ያዙ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ሊሉ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው፣

«ማንም ሳይሰማ እኔንም ያጽናዎት በይኝ፣ ልጄ» አሉኝ።