ድምፅ ያልሰጠው ክር

በፋብሪካው ሥራዬ የጨርቅ ጥራት መመርመር ነበር። ቀኑን ሙሉ ያው ነጭ አቡጀዲ በፊቴ ሲያልፍ ይውላል፤ እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። አንድ ዓለም አቀፍ የባህልና የሳይንስ ድርጅት ስለ ጥንት ጨርቅ በነፃ የሚያማክረው ባለሙያ ይፈልጋል ሲባል፣ የክፍሉ ኃላፊ ተናግሮ ሳይጨርስ እጄን አወጣሁ። ክፍያ የለውም ሲለኝም ቅር አላለኝም፤ የሚከፈልበት ሥራማ አንገፍግፎኛል።

ጉዳዩ እዚሁ አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው ወዲያ ያለች የአንዲት ቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ነበር። የድርጅቱ ሰው፣ ረጋ ያለ ፈረንጅ፣ ባሕር ማዶ ወስዶ አሳጥቦና አስጠግኖ ሊመልሰው ይፈልጋል። የደብሩ ሽማግሌዎች ደግሞ ከሄደ አይመለስም ብለው ፈርተዋል። ሲከራከሩ ከርመው በመጨረሻ በእኔ ቃል ለማደር ተስማሙ፦ መንገዱን ይችላል ካልኩ ይሄዳል፤ አይችልም ካልኩ አይሄድም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል በአፌ አልዞር አለ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የደብሩ አስተዳዳሪ፣ አንድ አረጋዊ ቄስ፣ መጋረጃውን አስወርደው ዘረጉልን። ድሮ ደማቅ ቀይ ነበር አሉ፤ አሁን የከረመ በርበሬ መስሏል። እንደ ልማዴ ሁለት ጣቴን ልኬ ልዳብሰው ስል ቄሱ ክንዴን ያዙኝ። የቤተ መቅደስ ዕቃ ምእመን አይነካውም። ይህ ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ነገር ነው፤ ግን ጨርቅ ፊቴ ሲዘረጋ እጄ እኔን አያማክረኝም። ዕውቀቴ ያለው ጣቴ ላይ ነው፤ ያለ ጣቴ ምን ላማክር ነው የመጣሁት?

ወጣሁ፣ ግቢውን ዞርኩ፣ ተመለስኩ። ያኔ ፋብሪካ ውስጥ ክር የምንፈትሽበት ዘዴ ትዝ አለኝ። ክሩን ጆሯችን ሥር እንበጥሰዋለን፤ ጤነኛ ከሆነ ቀጭ ይላል። ቄሱ ከጠርዙ የተንጠለጠለ ክር መዘው ጆሮዬ ሥር እንዲበጥሱልኝ ለመንኳቸው።

ሳቡት። ምንም አልሰማሁም። ሌላም ሳቡ፤ እሱም ያለ ድምፅ ለሁለት ሆነ።

ለፈረንጁ ይሄ ጨርቅ እንኳን ባሕር መሻገር መታጠፍም አይችልም አልኩት። ከፋው፤ ቢሆንም እጄን ጨብጦ አመስግኖኝ ሄደ። መጋረጃውን ያዳንኩት መስሎኝ ደስ እያለኝ ወደ ቄሱ ዞርኩ። እሳቸው ግን እንዲህ ካረጀማ እንደ ሥርዓቱ ተቃጥሎ አመዱ እግር በማይረግጠው ቦታ ይቀበራል አሉኝ። ደነገጥኩ። እዚያው ተሰቅሎ የሚኖር ነበር የመሰለኝ።

“አባቴ፣ ተሳስቼ ቢሆንስ?” አልኳቸው።

“አልተሳሳትክም ልጄ። በከፈትኩትና በዘጋሁት ቁጥር እጄ ላይ ሲያልቅ አውቀዋለሁ። ጨክኖ የሚነግረኝ ሰው ነው ያጣሁት።”

ቁጭ በል አሉኝ፤ አልቻልኩም። እሳቸው ቀስ ብለው መጋረጃውን ማጠፍ ጀመሩ። ገና በመጀመሪያው እጥፋት ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። ልክ ሆኜ እንደዚያን ቀን የተከፋሁበት ጊዜ የለም።