የታሰረው ማን ነው?

ክላራ የምትባል ጀርመናዊት የጋዜጠኝነት ተማሪ ለተግባር ልምምድ መቀሌ፣ እኛ ሬዲዮ ጣቢያ መጣች። አማርኛውን እዚያው አገሯ ተምራ ነው የመጣችው፤ ትግርኛ ግን አንድ ቃል አታውቅም። ለመጀመሪያ ቃለ መጠይቋ ይዟት ሊወጣ የነበረው ባልደረባዬ "እግሬን ወለም አለኝ" ብሎ ስለቀረ፣ ዕጣው እኔ ላይ ወደቀ።

እንዳ ኢየሱስ ወደሚባለው ሰፈር ወጥተን የድሮ ሬዲዮ የሚጠግኑትን የአቦይ ገብሩን በር አንኳኳን። ገና ብቅ ከማለታቸው ክላራ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ስታጠናው የሰነበተችውን ምስጋና ለቀቀችው።

"አባባ፣ ከልቤ ነው የማመሰግንዎት! ከልቤ!"

ምን ዋጋ አለው፣ "ከልቤ" አፏ ውስጥ ቀጥኖ "ከልቢ" ሆኖ ወጣ። ከልቢ ደግሞ በትግርኛ ውሻ ነው። ሽማግሌው ደረቷን መያዟን ሲያዩ ውሻ የፈራች መሰላቸው።

"አይዞሽ ጓለይ፣ አይዞሽ ልጄ፣ አትፍሪ። ታስሯል።"

ክላራ ክው አለች። ወዲያው መቅጃዋን አውጥታ አፋቸው ሥር ደቀነችው።

"መቼ ነው የታሰረው?"

"ሐሙስ።"

"የት ነው ያለው?"

"እዚሁ፣ ጓሮ።"

"ጓሮ!" ብላ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ ትልቅ ዜና እንዳገኘ ሰው ያበራል። ላስረዳት አፌን ብከፍት ሳቅ አነቀኝ።

"ምን አጥፍቶ ነው?" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

አቦይ ገብሩ አፍረው አንገታቸውን ደፉ።

"ቀጠሮ ሊይዝ የመጣውን ጋዜጠኛችሁን ነክሶ ነዋ። እግሩስ ተሻለው?"