በልጄ ብብት የወጣው እባጭ

መጀመሪያ ያየሁት እጇን ነው። ልጄ ሲፈን ቡራዩ ገበያው ዳር ሹሩባ ትሠራለች፤ ቀኑን ሙሉ እጇ ከሰው ራስ ላይ ነው። አንድ ቀን ትንሽ ትጎነጉንና ክንዷን ታወርዳለች፣ ጥርሷን ነክሳ ደግሞ ታነሳለች። ቤት ስትገባ ብብትሽን ካላየሁ አልኩ።

«ብጉንጅ ነው እማዬ፣ ተይኝ» አለች። አተር ያክል ነበር።

በኛ ሰፈር ብጉንጅ እስኪበስል ይጠበቃል፣ ከዚያ ይፈርጣል። ጎረቤቴ አደ ጫልቱ ተልባ በሙቅ ውሃ ለውሰሽ ለጥፊበት አሉኝ፣ ለጠፍኩ። ሲፈርጥ ደስ አለን። ዳነ ስንል ጎኑ ሌላ ወጣ። ከዚያ በወዲያኛው ብብት። ከዚያ በብሽሽቷ። ሽታም መጣ። አንዷ ደንበኛ «ቡራዩ ውሃ ጠፋ እንዴ አንቺ?» ብላ ሳቀችባት። እኔም ቆሻሻ መስሎኝ በሎሚ አሸኋት። ጮኸች። ጩኸቷ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ትኩሳት ያዛት። ተንቀጠቀጠች። የእባጩ ቅላት ወደ ጡቷ ወረደ። እኔን እናቷን አላወቀችኝም። አቅፌያት ሚኒባስ ገባሁ። እኔን ውሰደኝ፣ እሷን ተውልኝ። ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

ሆስፒታል ክንድሽን አንሺ ሲሏት እምቢ አለች። ዶክተሯ ሌሎቹን አስወጥታ መጋረጃውን ዘጋች። አየቻት። አፍንጫዋን አልያዘችም።

«እናት፣ ይሄ ከቆሻሻ የመጣ አይደለም። ሃይድራዴናይቲስ ሰፑራቲቫ ይባላል። ቆዳ በሚተጣጠፍበት ቦታ የጸጉር ቀዳዳው ይደፈናል፣ ያብጣል፣ ከቆዳው ስር መተላለፊያ ይሠራል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አሁን ግን ባክቴሪያ ገብቶበታል።»

«ትድንልኛለች?»

«ኢንፌክሽኑን እንታገለዋለን። በሽታው ግን ሊመለስ ይችላል፤ ክትትል ይፈልጋል።»

ሊመለስ ይችላል። ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም።

በደም ስሯ አንቲባዮቲክ ሰጧት፣ መግሉን በቀዶ ጥገና አወጡላት፤ ትኩሳቱም ቀስ እያለ እየለቀቃት፣ ሾርባ እየቀመሰች፣ ነርሷ ፋሻ ስትቀይርላት ክንዷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ እየቻለችው፣ አንድ ቀን በእግሯ ቤቷ ገባች። አሁን ዶክሲሳይክሊን የሚባለውን ክኒኗን ትውጣለች፣ ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ ትለብሳለች፣ ምላጭ አታስጠጋም፣ ሐኪሟ ባዘዘችላት ሳሙና ሳትፈትግ ቀስ ብላ ትታጠባለች።

መጋረጃውን ለዘጋችው ለዚያች ዶክተር እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አደ ጫልቱንም አልወቅስም፤ እኛ ሆስፒታል ስንተኛ ቤቴን የጠበቁልኝ እሳቸው ናቸው። እናንተ እናቶች ግን፣ እባጭ በብብት፣ በብሽሽት፣ በጡት ስር ከተመላለሰ አታፍርጡት፣ ሎሚም አታስነኩት። የቆዳ ሐኪም ጋ ውሰዷት። ልጅቷን አታሳፍሯት፤ ካፈረች ትደብቃችኋለች።

ባለፈው እሁድ ሲፈን «ነይ ቁጭ በይ፣ ጸጉርሽ ጭራሮ መስሏል» ብላ ሹሩባ ሠራችኝ። ዞሬ ላያት ፈራሁ። ጣቶቿን ብቻ አዳመጥኩ። መሀል ላይ ቆም አሉ። ደግሞ አመማት አልኩ።

ማበጠሪያዋን ልታነሳ ኖሯል።