የሦስተኛ ክፍል ውሾች

ትምህርቴን ጨርሼ ጎባ ስመደብ ከብት የማክም መስሎኝ ነበር፤ የእንስሳት ጤና ረዳት ነኝና። በሁለተኛው ሳምንት ግን ከከተማው ዳር ወዳለው የወታደር ካምፕ ላኩኝ። ሥራዬ እዚያ የሚሠለጥኑትን ውሾች ጤና መከታተል ሆነ።

አሠልጣኙ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሃምሳ አለቃ ነበር። ውሾቹን በሦስት ክፍል መድቧቸዋል። አንደኛ ክፍል ያሉት መቀመጥና ሲጠሩ መምጣት ይማራሉ። ሁለተኛ ክፍሎች አጥር ይዘላሉ፣ ጠባብ ሳንቃ ላይ ይሄዳሉ፣ በበርሜል ውስጥ ይሾልካሉ። እነሱን ማየት ደስ ይለኝ ነበር። በተለይ አንዲት ቡናማ ውሻ ሳንቃውን ጨርሳ ስትወርድ፣ አየሽኝ ወይ እንደማለት ወደ እኔ ዞር ትላለች።

ሦስተኛ ክፍል የሚሠለጥነው ከግንቡ ጀርባ ነው። እዚያ ገብቼ አላውቅም። ውሾቹ ሲመለሱ አፋቸውን አያለሁ፤ አንዳንዴ ጥርሳቸው መሃል የልብስ ክር አገኛለሁ። ክሩን አውጥቼ እጥላለሁ እንጂ አልጠይቅም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ቡናማዋ ወደ ሦስተኛ ክፍል አለፈች።

አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ነበሩ። አንድ ልጃቸው ሲናና ወረዳ አስተማሪ ነው። አንድ ማለዳ እንደ ወትሯቸው "አካም ቡልቴ?" ብለው እንዴት እንዳደርኩ ሳይጠይቁኝ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

"ምን ሆኑ እማማ?"

"ማታ መጥተው ቤቱን በረበሩት። ልጄን ነው የሚፈልጉት። ሲናናም የለም፣ ሮቤም የለም። ሹራቡን ይዘው ሄዱ።"

"የትኛውን?"

"አረንጓዴውን። ክርኑን በቀይ ክር የጠገንኩለትን። ሹራብ ምን ያደርግላቸዋል ልጄ?"

ምን እንደሚያደርግላቸው አውቅ ነበር።

ካምፕ ስደርስ ሹራቡ ሃምሳ አለቃው እጅ ላይ ነው። ቡናማዋ አጠገቡ ተቀምጣለች።

"ከሰዓት እንወጣለን። ጤናዋን እዪና ፈርሚልኝ" አለኝ።

ተንበርክኬ አፏን ከፈትኩ። እጄን ላሰችው።

"ምራቋ በዝቷል" አልኩ። "የእብድ ውሻ በሽታ እጠረጥራለሁ። አብረዋት የበሉት ሁሉ አሥር ቀን መዘጋት አለባቸው።"

ያመማት ነገር አልነበረም።

ውሻዋን አየ፣ ከዚያ እኔን። "የምትኖሪው የት ነው?"

ነገርኩት። እያወቀ ነው የጠየቀኝ።

"እሺ፣ ጻፊው።"

ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተውና ቡናማዋን ይዞ ወደ ግንቡ ጀርባ ሄደ። እየዘለለች ተከተለችው። ተዘግታ የምትቆይ ነበር የመሰለኝ። አንድ የጥይት ድምፅ ሰማሁ።

"ሌሎቹን ዝጊ" አለኝ ሲመለስ። "ቁልፉ አንቺ ጋ ይሁን። ቀኑን እኔ እቆጥራለሁ።"

በየጠዋቱ መጥቶ ውሾቹ ሲበሉ ያያል። "ዛሬም ደህና ናቸው" ይልና ይሄዳል።

በሰባተኛው ቀን አከራዬ ጠጋ አሉኝ። ልጃቸው ወደ ሼክ ሁሴን መስጊድ ከሚሄዱ ተጓዦች ጋር ተቀላቅሎ ቆላ ወርዷል። "አልሐምዱሊላህ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ስለ ውሻዋ አልነገርኳቸውም።

በአሥራ አንደኛው ቀን በሩን ከፈትኩ። ሃምሳ አለቃው ያንን ነገር አንስቶብኝ አያውቅም። ለአለቆቹ በቃል ብቻ ነገራቸው እንጂ ወረቀቱን አላሳየም፤ ለእኔም አልመለሰልኝም። ሁለት ዓመት አብሬው ሠራሁ፤ ጠዋት ጠዋት ስገባ ከውሾቹ በፊት የማየው የእሱን ፊት ነበር።