ጠማማ ጣቶቼና የባለቤቴ መርፌ

በእኛ አገር በደመወዝ የተቀጠረ የመጀመሪያው የኳስ በረኛ እኔ ነኝ። የሚጠራጠር ካለ መጥቶ ጣቶቼን ይይ፤ ቀጥ ያለ አንድም የለ። ያኔ ጓንት የሚባል ነገር አናውቅም ነበር። አሰልጣኝም አልነበረኝም። መርሳ ላይ ብርቱካን ሲለቀም አንዱ ዛፍ ላይ ወጥቶ ይወረውራል፣ አንዱ ከሥር ይቀልባል፤ መሬት የነካውን ነጋዴ አይወስደውም። መቅለብን ያስተማረኝ ያ ብርቱካን ነው።

ጦርነቱ ወደ ወልድያ ሲቃረብ ብዙ ሰው ወጣ። ስኳር ያለባትን ባለቤቴን ጠዋትና ማታ የምትወጋት ነርስ ጎረቤታችንም ልጆቿን ይዛ ሸሸች። ስትሄድ መድኃኒቱንና ስሪንጆቹን ሰጠችኝና «አባባ፣ ስሪንጁ ላይ ይችን መስመር እንዳያልፉ፤ ከበዛ ይገድላታል» አለችኝ። እኛ ቀረን። የባለቤቴ እግር መንገድ አይችልም፤ እኔም እሷን ትቼ የምሄድበት አገር የለኝም።

በማግስቱ ጠዋት ስሪንጁን ከነክዳኑ አነሳሁ።

«ከእነዚህ እጆች ያመለጠ ነገር የለም» አልኳት። ወደቀ። ባነሳውም ተመልሶ ሾለከ። ያረጀ ነጠላ ቀደድኩና እንደ ጨዋታ ቀን ጣቶቼን አንድ በአንድ ጠቀለልኳቸው። አሁንማ ጭራሽ መያዜንም አላውቀው አልኩ።

ባለቤቴ ሳቀች። ተኩስ ከተጀመረ ወዲህ ስትስቅ ገና መስማቴ ነበር።

«በረኛው! ወላሂ ጎል ሊገባብን ነው።»

«ሳቂ! ከተማው ሁሉ ያጨበጨበልኝ ሰው ነኝ።»

«ጭብጨባው መርፌ አይወጋልኝም። ወዲህ ይስጡኝ።»

«አንቺ መስመሩን አታዪውም።» ስኳሩ ዓይኗን ከጋረደው ቆይቷል።

«እርስዎ ያዩልኝ የለ!»

ዓይኔ ዛሬም መነጽር አያውቅም። ጨርቁን ፈትቼ ብልቃጡን በሁለት መዳፌ ጨምቄ ያዝኩላት። እሷ ስፌት በለመዱ ጣቶቿ መድኃኒቱን ሳበች።

«ትንሽ... ትንሽ... አቁሚ! አለፍሽ፣ መልሺ።»

መለሰች። «አሁንስ?»

አየሁ። ደግሜ አየሁ። ጠንካራ አጥቂ ፊቴ ቆሞ እንኳ እንዲያ ፈርቼ አላውቅም።

«ልክ ነው» አልኳት።

«ቢስሚላህ» ብላ ሆዷ ላይ ወጋች።

ፊቷ ይለወጥ እንደሆነ ዓይኔን ሳልነቅል ተቀመጥኩ።

«ምን ያፈጡብኛል? አለሁ» አለችኝ። «ይልቅ ከመርፌ በኋላ መብላት አለብኝ፤ ድስቱን ይጣዱ።»

ጣድኩ። በሽሮም ቢሆን የሚስተካከለኝ የለም።